ያልተገናኙት ቡድኖች

በቶሮንቶ፣ በፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ፎቆች ውስጥ ከሚኖሩት ሐበሾች ሁሉ ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ የምታውቀው ዓለምሸት ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ወዳ አልነበረም። ሥራዋ ሆምኬር ነው፤ በየሰው ቤት እየሄደች አቅም የከዳቸውን ሽማግሌዎች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ከሁሉም ቤት ረጅም ሰዓት የምትውለው ከእሷ ሕንጻ መንገድ ተሻግሮ ባለው ፎቅ፣ ሚስተር ማኑ ዘንድ ነበር። ሚስተር ማኑ ሕንዳዊ ናቸው፤ ደልሂ አጠገብ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ወስዶባቸዋል፤ አንደበታቸውን ግን አልነካም። ጠዋት ሸሚዛቸውን ስትቆልፍላቸው ስለ አገራቸው ፖለቲካ ያወራሉ፤ ቁርስ ስታቀርብላቸው ስለ ክሪኬት፤ ሲደክማቸው ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል። ያን ጊዜ የትኛው ሚኒስትር፣ የትኛው ኳስ ወርዋሪ እንደሆነ ይጠፋባታል።

ቤቱ የልጃቸው የማያና የባሏ የታሪቅ ነው። ታሪቅ የካራቺ ልጅ ነው፤ ፓኪስታናዊ። ማያ «እሱን ነው የማገባው» ያለች ጊዜ ሚስተር ማኑ «እንግዲያው ልጅ የለኝም» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ለሰርጉ አልመጡም፤ ለዓመታትም አልተነጋገሩም። ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ሲቀሩ ነው ማያ ሄዳ ይዛቸው የመጣችው። ታሪቅ ኤርፖርት ሊቀበላቸው ቆሞ ምን ብሎ አፉን እንደሚከፍት ጨንቆት ሳለ፣ ሽማግሌው ወጡና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡት «ስንት ለስንት ናቸው?» አሉት። ለካ የዚያን ቀን ሕንድና ፓኪስታን እየተጋጠሙ ነበር። ታሪቅ ውጤቱን ነገራቸው። መኪናው ጋ እስኪደርሱ ስለ ጨዋታው ተከራከሩ። ከዚያም ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ስለ ሌላ ነገር አውርተው አያውቁም።

ዓለምሸት ይህን ከማያ የሰማች ዕለት እንባዋ እስኪፈስ ስቃለች።

በእነዚያ ዓመታት፣ በየመስከረሙ፣ የሕንድና የፓኪስታን ቡድኖች ቶሮንቶ ድረስ መጥተው ይጫወቱ ነበር። ፖለቲካው በየአገራቸው እንዳይገናኙ ስለከለከላቸው የማንም ያልሆነ ሜዳ ተፈልጎ ነው። ታሪቅና አማቱም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ በሕንድ ባንዲራ፣ አንዱ በፓኪስታን ባንዲራ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጯጯሁ ውለው በአንድ መኪና ይመለሳሉ። ሽማግሌው ስትሮኩ ከጣላቸው በኋላ ግን ከቤት መውጣት ቀረ።

የዓለምሸት ባል ክፍሎም ይባላል። ካዛንቺስ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ነበሩ። የእሱ ወላጆች ከአሥመራ መጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው፤ በልጅነታቸው ግን የማን አባት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አብረው በሱዳን በኩል ወጡ፣ ካርቱም ተጋቡ፣ ካናዳ ገቡ። ልጅ አልወለዱም። እሱ ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ እሷ ሽማግሌ ትጦራለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ አንዳንዴ ብሉር ጎዳና ወጥተው ክትፎ ይበላሉ። ኑሮ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት፣ በግንቦት፣ ሕንድ የአቶሚክ ቦምብ ሞከረች፤ ወሩ ሳይወጣ ፓኪስታንም ሞከረች። ባድሜ ላይ የተተኮሰውም በዚያው ግንቦት ነው።

«እናንተ ደግሞ በምን ተጣላችሁ?» አሏት ሚስተር ማኑ ፂማቸውን ስትላጫቸው።

«በመሬት ነው ይላሉ።»

«ምን አለው መሬቱ?»

«እንጃ። አይቼው አላውቅም።»

«የእኛም በረዶ ነው» አሉ። «ሰው አይኖርበትም። ፍየል እንኳ አይኖርበትም።»

በዚያ ክረምት የክፍሎም እናት፣ እማማ ለተብርሃን፣ ዕድሜያቸውን ከኖሩበት ከካዛንቺስ ቤታቸው ወጥተው በአውቶቡስ ወደ አሥመራ ተላኩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የዓለምሸት ታናሽ ወንድም አቢይ ዘመተ። ዓለምሸት አገሯን ስትለቅ አቢይ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የምታውቀው በስልክ የጎረመሰ ድምፁንና በፎቶ የተላከላትን ፊት ብቻ ነው።

እሷና ክፍሎም ስለዚህ ጉዳይ ላለማውራት ተስማሙ። ማለት፣ ተቀምጠው አልተስማሙም፤ ዜና ሲመጣ አንዱ ተነስቶ ወደ ማድቤት መግባት ጀመረ እንጂ። ብሉር ላይ አብረው ይበሉ የነበሩ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ከነበረበት ምግብ ቤት ሌላው ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ክፍሎም ሰላም ሲል በራስ ንቅናቄ የሚመልሱለት በዙ። እሱም መሄድ ተወ።

አቢይ የሞተው በመጋቢቱ ውጊያ ነው። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ለቤተሰቡ ተናገረ። ታላቅ ወንድሟ ዘርይሁን ከአዲስ አበባ ደወለ፤ የደወለው ግን ለክፍሎም ነበር። «ፋሲካው ይለፍ። ከዚያ ሰዎች ሰብስብና በወጉ አርዷት» አለው። ክፍሎም ይህን በሆዱ ይዞ የጾሙን መጨረሻ ከረመ፤ ፋሲካን ከእሷ ጋር ገደፈ። «ምነው ዶሮውን አልነካኸውም?» ብትለው «ጨጓራዬ ነው» አላት።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ክፍሎም «ሺፍቴ ተቀይሯል» ብሎ ገና ሳይነጋ ወጥቷል። ዓለምሸት በሌሊት ልብሷ ሆና ከፈተች። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ከፊት የቆሙት የእድሩ ሽማግሌ አቶ ገብረ ክርስቶስ ናቸው፤ ከኋላቸው ጓደኛዋ አጸደ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ለካ ሰው በር ሲከፍት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

«እናቴ ናት?» አለች።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። «እናትሽ ደህና ናቸው። እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል። አቢይ ነው።»

ሴቶቹ ተቀብለው ጮሁ። አጸደ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ዓለምሸት ግን ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ የትናንት ማታ ልብስ ምድር ቤት ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንደተወችው ትዝ አላት። «ሰው አውጥቶ ወለል ላይ ይጥልብኛል» አለች ጮክ ብላ። ሴቶቹ አእምሮዋ የተነካ መስሏቸው ለቅሶውን ጨመሩት። እሷ ያለቀሱለትን ሰው ለማየት ሞከረች። ፂም ያበቀለ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው እንዲመጣላት ፈለገች፤ የሚመጣላት የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ደግሞ ከዘመተው ሰውዬ ጋር አልገናኝ አላት።

«ክፍሎምስ?» አለች አንድ ጊዜ።

«አሁን እሱን ተይው» አለቻት አጸደ።

ደግማ አልጠየቀችም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ባል ይተካል፣ ወንድም አይተካም የሚለውን ያንን የድሮ የለቅሶ ግጥም ልታወርድ ድምጿን ስታነሳ፣ አጠገቧ ያለችው በክርኗ ጎሰመቻት። ሴትዮዋ አቋርጣ ተንፈቀፈቀች። ክፍሎም ማምሻውን መጣ። ሲገባ ክፍሉ ጸጥ አለ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት እንደ እንግዳ። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሰዎቹም ወዲያው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። በማግስቱም እንደዚሁ ሆነ። በሳምንቱ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ «ሴንት ጄምስ ታውን የአክስቴ ልጅ ጋ ልሁን ለጥቂት ቀን? እኔ እያለሁ ሰው አይመጣልሽም» አላት።

«እሺ» አለችው።

ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባትም። አንድ ቦርሳ ይዞ ሄደ።

ሥራ ስትመለስ ሚስተር ማኑ ማያ ነግራቸው ኖሮ ግራ እጃቸውን ዘርግተው እጇን ያዙ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ሁለት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝምታ ስለማይችሉም ወደ ፖለቲካቸው ተመለሱ። የሕንድ መንግሥት በዚያው ሰሞን ፓርላማ ውስጥ በአንድ ድምፅ ወድቆ ነበር። «በአንድ!» አሉ። «ወደ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚገዛ መንግሥት። አንድ ሰውዬ ጉንፋን ይዞት ቤቱ ቢቀር ኖሮ ዛሬም ይገዙ ነበር። አሁን አገሩ በሙሉ እንደገና ሊመርጥ ነው።»

«አንድ ሰው ይህን ያህል ይቆጠራል?» አለች ካልሲያቸውን እያጠለቀች።

«እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ይቆጠራል» አሉ። «እኛ ግን ቆመናል።»

ዓለምሸት ከለቅሶው ቤት ይልቅ ይህ ቀለላት። ሽማግሌው አታልቅሺም ወይ ብለው አያዩአትም። ሥራዋን ትሠራለች፤ ማንኪያ ታነሳለች፤ ማንኪያ ታስቀምጣለች። ሰውነቷ እንደ ተበደረችው ዕቃ ሆኖባት ነበር፤ ስትራመድ የሌላ ሰው እግር የምታይ ይመስላታል።

በግንቦት መጨረሻ ደግሞ የሕንድና የፓኪስታን ወታደሮች ካርጊል በሚባል ተራራ ላይ ይዋጉ ጀመር። በዚያው ሰሞን የክሪኬት የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ አገር ነበር፤ በጦርነቱ መካከል ሁለቱ ቡድኖች ደረሳቸውና ተጋጠሙ። ዓለምሸት ጠዋት ስትገባ ታሪቅና ሚስተር ማኑ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሕንድ እያሸነፈች ነው፤ ሽማግሌው ግን አላጨበጨቡም። ታሪቅም አልተሳደበም። ጨዋታው ሲያልቅ ሚስተር ማኑ «ጥሩ ተጫውተዋል፣ የእናንተም» አሉ። ታሪቅ «የእናንተ በለጡ» አለ። ሁለት እንግዳ ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ሲለቃቀቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ጮኸ። ማያ ሥራ ላይ ናት፤ ፋርማሲ የሚሠራው ታሪቅ የከሰዓት ተረኛ ስለነበር ቤት አለ፤ አነሳው። ዓለምሸት ሽማግሌውን ሾርባ እያጎረሰች ነው። ታሪቅ በቋንቋቸው «አዎ… አዎ…» አለ። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ አንዱ ሕንዲ፣ አንዱ ኡርዱ ይለዋል እንጂ። ስልኩን አስቀምጦ መጥቶ ሽማግሌው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። ዓለምሸት ቃሉን ባትሰማውም መርዶ መሆኑ ገባት። ኋላ ማያ እንደነገረቻት፣ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ፣ ሻለቃ አኒል፣ ካርጊል ላይ ተገድሏል።

ሚስተር ማኑ ለአፍታ ታሪቅን አዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው የሾርባውን ሳህን ገፉት። ወለሉ ላይ ተከነበለ። በእንግሊዝኛ፣ ዓለምሸትም እንድትሰማ ያህል፣ «ከፊቴ ጥፋ» አሉት።

ታሪቅ ተነሳ፤ ወደ ማድቤት ገባ። የሚወጣ መስሏት ነበር። ጨርቅ ይዞ ተመልሶ ሾርባውን ጠረገ፣ እንደገና ተቀመጠ።

ማምሻውን የሕንድ ሰዎች ከጄራርድ ጎዳናም ከስካርቦሮም መጥተው ሳሎኑን ሞሉት። ዓለምሸት ሰዓቷ አልፎ ሳለ ለማገዝ ቆየች። ሰዎቹ ታሪቅን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚዘጋ አየች፤ ያንን ፊት ታውቀዋለች። ሁለት ሽማግሌዎች ኮሪደር ላይ ለብቻ ጠርተው ሲያናግሩትም አየች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ሊፍቱ ውስጥ «ይሄም ይሄዳል» ብላ አሰበች። በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ግን ታሪቅ በሩን ከፈተላት። ያልተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ። እሷን አሳልፎ፣ ሳሎን ውስጥ ሻይ ለሚጠብቁት ሽማግሌዎች ብርጭቆ ያድል ነበር። አልሄደም።

ሰሞኑን ነገሩ ይከነክናት ጀመር። አልቅሺ አልቅሺ የሚል አልነበረም፤ ምስጥ እንደሚበላው እንጨት ያለ ድምፅ የሌለው ነገር ነው። ታሪቅ ቀረ። ክፍሎም ሄደ። ከዚህ አልፋ ማሰብ አልቻለችም።

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቤት ቴሌቪዥን አልተከፈተም። ሚስተር ማኑ ለማያ ብቻ፣ እሱንም በቁንጽል፣ ይመልሳሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማያ ጋዜጣ ስታነብላቸው የዘንድሮው የቶሮንቶ ጨዋታ ነገር መጣ። ሕንድ ከፓኪስታን ጋር አልጫወትም ብላለች። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ሕንድ ከካሪቢያን ደሴቶች ቡድን ጋር ትጫወታለች፤ ሕንዶቹ ሲጨርሱ ደግሞ ፓኪስታን በዚያው ሜዳ ከእነዚያው ካሪቢያኖች ጋር ትጫወታለች። ሁለቱ እንዳይገናኙ ማለት ነው።

ሽማግሌው ሰምተው ቆዩና ማድቤት ውስጥ ወደነበረው ታሪቅ ዞረው «ቲኬት ግዛ» አሉ። ከሰኔ ወዲህ ለታሪቅ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ ዘመን ሊለወጥ አንድ ቀን ሲቀረው። ዓለምሸት ዊልቼሩን ልትገፋ አብራ ሄደች። ሜዳው ከዮንግ ጎዳና ወጣ ብሎ ያለ፣ ሀብታሞች በሙቀቱ ወራት ቴኒስ፣ በብርዱ ወራት በበረዶ ላይ የሚጫወቱበት ክበብ ነው። ለጨዋታው የብረት መቀመጫ ተደርድሯል። ታሪቅ ሽማግሌውን ጥላ ሥር አስቀመጣቸው፤ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣለ። ሕንዶቹ ከበሮ ይመታሉ፣ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ከሜዳው ማዶ ያለው በኩል ግን አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ቀድሞ ፓኪስታኖቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው።

ጨዋታው ተጀምሮ ሕንድ ጥሩ ስትጫወት፣ በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ሚስተር ማኑ ባዶውን ወንበር ነበር የሚያዩት።

«ምነው? ደስ አላለዎትም?» አለች ዓለምሸት ጎንበስ ብላ።

«ማን ላይ ልጩህ?» አሉ።

ታሪቅ ሰምቷል። ጥቂት ቆይቶ «ሻይ ላምጣ» ብሎ ተነሳ፤ ዓለምሸትም ብርጭቆ ለመያዝ ተከተለችው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ለወራት ሆዷ ውስጥ የቆየው ነገር ሳታስበው ወጣ።

«ታሪቅ፣ ያን ዕለት ለምን አልሄድክም?»

«የትኛውን ዕለት?»

«የአኒል መርዶ የመጣ ዕለት። ሽማግሌዎቹ ኮሪደር ላይ ሲያናግሩህ አይቻለሁ።»

ታሪቅ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የደስታ አልነበረም። «ልሄድ ነበር እኮ። 'ለዛሬ ብቻ ዘወር በል፤ ለማያም ይሻላታል' አሉኝ። እውነት ለመናገር ገላገሉኝ። እዚያ መቀመጥ ቀላል መስሎሻል? ጫማዬን አደረግሁ፣ የመኪና ቁልፌን ያዝኩ። በሩ ጋ ስደርስ ማያ መጣች። አልለመነችኝም፤ አላለቀሰችም። ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ኪሷ ከተተችው፤ ተመልሳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ያለ ቁልፍ የት እሄዳለሁ?»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ዓለምሸት ግን ከኋላ ያለ ሰው «ኤክስኪዩዝ ሚ» እስኪላት አልተራመደችም።

በማግስቱ ዘመን መለወጫ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው ሲያልቅ አጸደን ግቢው ጥግ ላይ አገኘቻትና እንኳን አደረሰሽ ከተባባሉ በኋላ ጠየቀቻት።

«አጸደ፣ በመርዶዬ ቀን ክፍሎም ከቤት እንዲወጣ የነገረው ማን ነው?»

አጸደ ቀላች። «ምነው ዛሬ? በአዲስ ዓመት!»

«ንገሪኝ ብቻ።»

«እኔ ነኝ። ኮል አድርጌ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ ብዬ ነው! ከመጣው ሰው ግማሹ ወንድሙ ግንባር ነው። የእሱን ፊት እያዩ እንዴት ያልቅሱልሽ? ሰው ምን ይላል?»

«እሱ ምን አለሽ?»

አጸደ ነጠላዋን አስተካከለች። «'እሷ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ፤ ጠይቋት' አለ። በመርዶ ጠዋት እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? 'እሷም ይህንኑ ነው የምትፈልገው' አልኩት። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።»

መቆጣት እንደሚገባት ዓለምሸት አወቀች። ቁጣውን ፈለገችው፤ ቦታው ላይ አልነበረም። «እሺ» ብላ ወጣች። ፌርማታ ላይ ስትደርስ ግን የፍሌሚንግደኑን አውቶቡስ አሳልፋ በሰብዌይ ባቡር ወደ ሴንት ጄምስ ታውን ሄደች።

ክፍሎም በሩን ሲከፍት ቀጭኖ ነበር። የአክስቱ ልጅ ሥራ ላይ ነው። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ ብርድ ልብሱ እንደ ወታደር ተጣጥፏል። ሁለቱም ለመቀመጥ ቦታ ጠፋባቸውና ቆመው ቀሩ።

«እንኳን አደረሰሽ» አላት።

«አጸደ የነገረችህን እኔ አላልኩም» አለችው።

«እኔም አንዳንዴ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ልሂድ ወይ ስልሽ 'እሺ' አልሽ። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ ዝቅ ብሎ የጎረቤቱን ፎቅ በረንዳዎች ያሳያል፤ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ፣ አሮጌ ብስክሌት።

«አቢይን እኔም አውቀዋለሁ እኮ» አለ ክፍሎም። ድምፁ ከፍ ብሎ አልነበረም። «በትከሻዬ ላይ አድርጌ ጥምቀት ያሳየሁት ልጅ ነው። ዘርይሁን ሲነግረኝ ፋብሪካ ነበርኩ፤ ዱቄት ክፍል ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ ዶሮ ብላ አልሽኝ። እናቴም እዚያ ሆና ሰማች። አሥመራ ላይ ሆነሽ ለኢትዮጵያ ወታደር ይለቀሳል? መስኮቱን ዘግታ፣ ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችለት። ጎረቤት መጥታ 'ማን ሞተብዎ?' ብትላት 'ልጄ' አለቻት። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልተናገረችም።»

ዓለምሸት አዳመጠች።

«የሚመጣው እሑድ መንፈቁ ነው» አለችው። «ና።»

«ሰዎቹስ?»

«የመጣ ይመጣል። የቀረ ይቀራል።»

በዚያው ሳምንት ፓኪስታኖቹ ሜዳውን ተረከቡ። ታሪቅ ለአንዱ ጨዋታ ሁለት ቲኬት ገዝቶ ነበር፤ ሚስተር ማኑ ግን ብርድ መትቷቸው አተኮሳቸው፤ እሱም ብቻውን አልሄድም ብሎ ቀረ። በቴሌቪዥን አብረው አዩት። ሽማግሌው ማን እንዲያሸንፍ እንደፈለጉ አልተናገሩም። በመካከሉ ግን ታሪቅን «ያ ልጅ ኳስ ሲወረውር ክንዱን አያቀናም፤ አሠልጣኛችሁ ምን ይሠራል?» ሲሉት ዓለምሸት ሰማች፤ ታሪቅም ተቆጥቶ ሲመልስላቸው፤ ድምፃቸው ማድቤት ድረስ ሲመጣ።

እሑድ ክፍሎም በጠዋት መጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ፤ ለሚገባው ሁሉ ይነሳል። ሁለት ቤተሰብ ሲያዩት እህል ሳይቀምሱ ወጡ፤ ምክንያትም አልሰጡም። አንድ ጎልማሳ ወለሉን እያየ ቁጭ ብሎ ቆይቶ እሱም ሄደ። አጸደ ቀረች፤ ስታስተናግድ ዋለች፤ ክፍሎምን ግን ቀና ብላ አላየችውም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ጸሎቱን ከጨረሱ በኋላ ዞር ብለው ቆዩና «ክፍሎም፣ እስቲ ውሃ ስጠኝ» አሉት። ሰጣቸው። ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱለት። ያ ሁሉ ሆኖ ይኸው ነው፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ክፍሎም ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረ። ዓለምሸት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጀርባውን አየችው። ማልቀስ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አልመጣም።

«እናትህ ዘንድ ደውልልኝ» አለችው።

በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ አሥመራ ስልክ አይገባም ነበር፤ ከቶሮንቶ ግን ይገባል። ክፍሎም እጁን አድርቆ ደወለና ስልኩን ሰጣት። እዚያ ሌሊቱ እየነጋ ነበር፤ እማማ ለተብርሃን ግን ለጸሎት ተነስተው ኖሮ ወዲያው አነሱ። ድምጿን ሲሰሙ ስሟን ደጋግመው ጠሩ።

«እማማ» አለች ዓለምሸት። «አቢይ ካደገ በኋላ እኔ አላየሁትም። እርስዎ ያውቁታል። ምን ይመስል ነበር?»

እማማ ለተብርሃን ነገሯት። ረጅም ነበር፤ በራቸው ሲገባ ጎንበስ ይላል። ሽሮ ሲቀርብለት ቆሞ ነው የሚበላው፤ ቁጭ በል ቢሉት እሺ ይላል፣ አይቀመጥም። እሳቸውን ፖሊሶች ሊወስዷቸው የመጡ ዕለት ጎረቤቱ በር ሲዘጋ እሱ ፌስታላቸውን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኛቸው፤ ወታደሩ ሲያባርረው ዞር ይልና ይመለሳል፣ ዞር ይልና ይመለሳል። በመስኮት በኩል ሙዝ አቀበላቸው። «ሙዝ እንደማልወድ ያውቃል እኮ» አሉ እማማ፤ ሳቁ ይሁን አለቀሱ በስልክ አልለየም። «ሌላ ስላላገኘ ነው።»

ዓለምሸት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እንዴት ነው የሚስቀው?» አለች።

«አፉን በእጁ ሸፍኖ። አንዱ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ነበር፤ ያፍርበታል።»

«የትኛው?»

«የግራው።»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ትደውልላቸው ጀመር። አንዳንዴ የሚያወሩት ጠፍቷቸው ዝም ብለው ይቆያሉ። ክፍሎም ልብሱን ከሴንት ጄምስ ታውን ያመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ዛሬ ጫማ፣ ነገ ሹራብ፣ ሲል ሲል በረዶው ሳይጥል ጨረሰ። ቤተ ክርስቲያን ግን አልተመለሰም፤ እሷም አላስገደደችውም። ግንቦት ደርሶ ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ፣ ዜናው ሲጀምር ማንም ተነስቶ ማድቤት አልገባም። ሁለቱም ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው እራት በሉ።